ዕቃ ስታወርዱ መጀመሪያ የሚወጣው ጫማ ነው

በሥራ ዝውውር ምክንያት ሦስት ጊዜ ከተማ ቀይሬያለሁ። በመጀመሪያው ቦታ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ስኖር የማውቀው ከቤቴ እስከ ቢሮዬ ያለውን መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱንም በመኪና መስኮት። ልለቅ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ከቤቴ ጀርባ፣ በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ላይ ወንዝ እንዳለ ሰማሁ። ሄጄ ዳር ላይ ካለ ድንጋይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ያን ሁሉ ምሽት ግድግዳ ላይ አፍጥጬ ስቀመጥ ውኃው አጠገቤ ይፈስ ነበር።

ሁለተኛው ዝውውር ሲመጣ ለራሴ ቃል ገባሁ፦ በየቀኑ፣ ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ፣ ከቤት ውጭ። ይኸው ስድስት ዓመት ሞላው። አዲስ ቦታ ልትገቡ ለተዘጋጃችሁ ያዋጣኝን ልንገራችሁ።

ገና ዕቃ ስትጭኑ

የምትሄዱበትን ጫማ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ የዝናብ ጃኬት፣ የፀሐይ ኮፍያና የእጅ ባትሪ ለብቻው በአንድ ቦርሳ አድርጉ። ቦርሳው መኪናው ላይ መጨረሻ ይጫን፤ መጀመሪያ እንዲወርድ። ጫማ ካርቶን ውስጥ ከገባ ሁለት ሳምንት አይገኝም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ሰው ከሶፋው ጋር ይላመዳል። ቦርሳው ከደረሰ በኋላ ቦታው በሩ ሥር ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አይደለም።

ለምን ይህን ያህል እቸኩላለሁ? ቤት ሲቀየር የድሮ ልማድ የተንጠለጠለበት ሁሉ አብሮ ይቀራል፦ ወንበሩ፣ መንገዱ፣ ማታ ማታ የሚደውለው ጎረቤት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባዶ ናቸው። ያንን ባዶ ቦታ ቀድሞ የገባ ይይዘዋል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት

ሩቅ አትሂዱ። በመጀመሪያው ቀን ከበራችሁ ወጥታችሁ ወደ ቀኝ፣ አሥር ደቂቃ ሂዱና በዚያው ተመለሱ። በማግስቱ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ። በተለመደ እርምጃ አሥር ደቂቃ 800 ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ስለዚህ በአራት ቀን ውስጥ ቤታችሁን መሐል አድርጎ በየአቅጣጫው 800 ሜትር የሚሰፋ አካባቢ በእግራችሁ ታውቃላችሁ ማለት ነው። እንደ እኔ ሃሳብ ከዚህ የሚበልጥ የመግቢያ ሥራ የለም።

ስትመለሱ በእርሳስ ወረቀት ላይ ሣሉት። የስልክ ካርታ መንገዱን ያሳያል፤ የእግረኛው መንገድ የት እንደሚቋረጥ፣ የትኛው ምሰሶ መብራቱ እንደተቃጠለ፣ ጥላ የቱ ጋ እንዳለ፣ ድንገት ዝናብ ቢመጣ የትኛው በረንዳ እንደሚያስጠልል ግን አይነግራችሁም። በሦስተኛው ቦታዬ የሣልኩት ወረቀት አሁንም አለ፤ አንድ ጥግ ላይ በትልቁ «ውሻ!» ይላል። ከሰማያዊ በር ሥር ወጥቶ እየጮኸ መጣብኝ። አልሮጥኩም፤ የሚሮጥ ነገር ውሻን ያስከትላል። ዐይን ለዐይን አላየሁትም፤ ጎኔን ሰጥቼው፣ እጄን ወደ ታች አድርጌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጩኸቱ ረገብ ሲል ጀርባዬን ሳልሰጠው እግሬን አንድ በአንድ ወደ ኋላ አወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ መንገዴ በሌላኛው ረድፍ ሆነ። በሽታ መኖሩ ስለማይታወቅ ውሻ ከነከሳችሁ ግን ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ሕክምና ሂዱ።

በመጀመሪያው ወር የጆሮ ማዳመጫ አታድርጉ። የቦታውን ድምፅ ገና አታውቁትም። የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ሩቅ ያለ ወንድም ወይም እህትም ቢሆን በመልእክት ይበቃል።

አየሩን ሰውነታችሁ እስኪያውቀው

ሁለተኛው ቦታዬ ከለመድኩት በጣም ከፍ ያለ ነበር። በሁለተኛው ቀን ዳገቱን እንደ ድሮዬ ፈጠን ብዬ ወጣሁት። ማታ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ አቅለሸለሸኝ፣ እንቅልፍም በዐይኔ አልዞረ። ከ2500 ሜትር በላይ ወደሆነ ቦታ ከዝቅተኛ ቦታ በቀጥታ የገባ ሰው እንዲህ ሊያደርገው ይችላል፤ ጉልበትና ዕድሜ አያስጥሉም። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቀናት ሜዳ ሜዳውን፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ምልክቱ ካለባችሁ ከፍ ወዳለ ቦታ አትውጡ፤ እየባሰ ከሄደ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ ነው መድኃኒቱ። ከፍታ ላይ ፀሐይም ትበረታለች፤ በየ1000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማም። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ሲያጥር ኮፍያ አድርጉ።

የሄዳችሁበት ቦታ ሞቃት ከሆነ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ከ15 ደቂቃ ጀምሩ፤ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ። ስትሄዱ ማውራት ካልቻላችሁ ፍጥነቱ በዝቷል።

መብረቅ ካያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንዱን ቁጠሩ። 30 ሳትደርሱ ከሰማችሁ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነው ያለው፤ ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ፣ ዛፍ ሥር በፍጹም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

ሰዓቱን አትቀያይሩት

«ሲመቸኝ እወጣለሁ» ያለ ሰው አይወጣም። ድሮም ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። የእኔ ፊቴን ከታጠብኩ በኋላ፣ ስልክ ከመክፈቴ በፊት ነው፤ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ። ጠዋትን የመረጥኩት ለብርሃኑ ነው። ደመና በሸፈነው ቀን እንኳ የውጭ ብርሃን በሺዎች የሚቆጠር ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ሲሆን ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ነው፤ የሰውነት ሰዓት የሚስተካከለው ደግሞ በብርሃን ነው። በአዲስ ቤት እንቅልፍ እምቢ ያላችሁ፣ ይህን ሞክሩልኝ።

ልማድ ለመሆን ስንት ቀን ይፈጃል ለምትሉ፣ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ። መካከለኛው 66 ቀን ነበር፤ ሆኖም ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። እኔን ያጽናናኝ ሌላው ግኝት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ ሠላሳው ደቂቃ ያልሆነ ቀን አምስት ደቂቃ ወጥቼ እቆማለሁ። ከቤት ክፉ ወሬ በስልክ የደረሰኝ ቀን ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ቆሜ ካፊያው ትከሻዬን እስኪያረጥበው ድረስ ቅርፊቱን ስነካ ነበር። ያንንም ቀን በደብተሬ «ወጥቻለሁ» ብዬ ጽፌዋለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሠላሳ ደቂቃ አምስት ቀን ታችኛውን ይሞላል። በሳምንት አንዴ ረዘም ያለ መንገድ ስትወጡ በየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩና አስሉ፤ በዚህ ላይ ለማረፊያ ጨምሩ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ እንድትገቡ።

መንገዱንም ለጥቂት ሳምንት አትቀያይሩት

ይህ ብዙ ሰው የማይመክረው ነው፣ እኔ ግን አጥብቄ እመክራለሁ። አዲስ ነገር ማየት ደስ ይላል፤ ሰው የሚያውቃችሁ ግን በአንድ ሰዓት በአንድ መንገድ ስታልፉ ነው። በሦስተኛው ቦታዬ በየማለዳው ከደጃቸው ቅጠል የሚጠርጉ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ጎንበስ ብዬ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ እሳቸው መጥረጊያውን ከፍ ያደርጋሉ፤ አለቀ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጥረጊያቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ጠበቁኝ።

«ትናንት ዘገየሽ፣ ልጄ።»

እውነት ነው፤ ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ነበር። በዚያ ከተማ መዘግየቴን ያስተዋለ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ቆመን አወጋን። ከዚያ በአጥራቸው ጎን ወደ ታች የምትወርድ ቀጭን መንገድ አሳዩኝ፤ ከወረቀቴ ላይ አልነበረችም።

«አባባ፣ ወዴት ነው የምታወጣው?»

«ሂጂና እዪው። ነገ ትነግሪኛለሽ።»

በማግስቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጫማዬ በጭቃ እንደተለወሰ፣ ነገርኳቸው።