የጓሮ ጌሾ እንዴት ይደርቃል?

ፍኖተ ሰላም ያለው ጓሯችን ውስጥ አራት እግር ጌሾ አለ። የዓመት ጠላችንን ይችላል። ገበያ ላይ ተወቅጦ የሚሸጠውን ብዙም አላምነውም፤ ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል? ተክሉ አንድ ቢሆንም ለጠላ በብዛት የሚፈለገው ቅጠሉ፣ ለጠጅ ደግሞ እንጨቱ ነው። እዚህ የማወራው ስለ ቅጠሉ ነው።

ክረምቱን ሙሉ አትንኩት። ዝናቡ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ረፋድ ላይ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ሸምጥጡት። ለጋውን ጫፍ ተዉት። ጠቆር ብሎ የሚያብረቀርቀውን፣ የጎለመሰውን ውሰዱ። አቧራ ካለው አራግፉት እንጂ አትጠቡት።

ከዚያ ሰሌን ወይም ሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ አስጡት። የፕላስቲክ ሸራ አልወድም፤ ከስር ያልበዋል። ጎረቤቶቼ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ይገረጣል። እኔ በረንዳ ላይ፣ ጥላና ንፋስ ባለበት አሰጣዋለሁ። በቀን ሁለቴ ማገላበጥ፣ ማታ ማታ ማስገባት። ምድጃ አጠገብ ግን አደራ፣ ጭስ ይጠጣል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ደረቀ የሚባለው መቼ ነው? እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ዓመት፣ በአምስተኛው ቀን ጨበጥ ሳደርገው ኮሽ ኮሽ አለ። በቃ ደርቋል ብዬ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቄ አፉን አሰርኩት። ለጥምቀት ጠላ ልንጠነስስ ስፈታው የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ወጣ። መሃሉ ነጭ ፀጉር አብቅሏል። እናቴ አንድ ቅጠል አነሳችና የመሃል ጅማቱን አጠፈችው። አልተሰበረም፤ እንደ ክር ተጣጠፈ። «ጅማቱ መች ደረቀና ነው ያሰርከው?» አለችኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። ስሱ ቅጠል ቀድሞ ይደርቃል፤ ጅማቱና ዘንጉ ግን ውሃቸውን ይዘው ይቆያሉ። ጠቅጥቃችሁ ስታስሩት ያ እርጥበት ወደ ቅጠሉ ይመለሳል። ስለዚህ ከላይም ከስርም አስር ያህል ቅጠል ምዘዙና ጅማታቸውን እጠፉ። ሁሉም ቀጭ ብለው መሰበር አለባቸው። አንዱ እንኳ ከተለመጠ አንድ ሁለት ቀን ጨምሩ። ይህን በቀትር ሙቀት አትሞክሩት፣ ያታልላል። ጠዋት ነው የሚሞከረው። አሁንም ከተጠራጠራችሁ አንድ እፍኝ ክዳን ባለው ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አሳድሩ። ሲነጋ ብርጭቆው ጉም ከለበሰ ወይም ቅጠሉ ከለሰለሰ ገና ነው።

የሻገተውን አራግፎ እንደገና የሚያሰጣ አለ። አይሆንም። እኔ ማዳበሪያውን ሙሉ ደፋሁት፤ የዚያ ዓመት የጥምቀት ጠላ በዚያው በማላምነው የገበያ ጌሾ ተጠመቀ።

የደረቀውን በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ፌስታል አይሁን። አስቀድማችሁም አትውቀጡት፣ መዓዛው ይበራል። ለአንድ ጥንስስ የሚበቃችሁን ብቻ በዕለቱ ውቀጡ። በደንብ የደረቀ ጌሾ ከሙቀጫው ብናኙ ይነሳል፣ ያስነጥሳል፤ አፍንጫችሁ ላይ ሻሽ ጣል አድርጉ።