በራሱ የማይደውል፣ ወይም መደወሉን የማያቆም ፋየርዎል ሰርቨር

ቢሮው ኢንተርኔት ሲፈልግ በሞደም እንዲደውል የተዘጋጀ የሊኑክስ ሰርቨር እምቢ ካለ፣ የፋየርዎሉን ደንቦች ከመነካካት በፊት ችግሩ ያለው ጥሪው ላይ ነው ወይስ ጥሪውን በሚቀሰቅሰው ነገር ላይ? መጀመሪያ ይህን ለዩ። «ዲማንድ» (ሲፈለግ ብቻ ደውል) የሚለውን ቃል ከፒፒፒዲ (በሞደም ግንኙነቱን የሚከፍተው ፕሮግራም) ማዋቀሪያ ፋይል ለጊዜው አውጡና በእጅ አስደውሉ።

በእጅም ካልሰራ ሎጉን (የሰርቨሩን የክንውን መዝገብ) አንብቡ። ሞደሙ የመደወያ ድምፅ የለም ካለና መስመሩ በቢሮ ማዞሪያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ ኤቲኤክስ3 የሚለውን ትእዛዝ ከመደወያው በፊት ጨምሩ፤ ሞደሙ ድምፁን ሳይጠብቅ ይደውላል።

በእጅ ከሰራ «ዲማንድ»ን መልሱና ከሰርቨሩ ላይ አንድ የውጭ አድራሻ በስም ሳይሆን በአይፒ ቁጥር ፒንግ አድርጉ (መልስ ይሰጥ እንደሆነ ሞክሩ)። ዝም ካለ የሩቲንግ ሠንጠረዡን (ፓኬት፣ ማለትም የዳታ ቁራጭ፣ በየት እንደሚወጣ የሚወስነውን) እዩ። የውስጥ ኔትወርክ ካርዱ ላይ ጌትዌይ (የመውጫ አድራሻ) ተሞልቶ ከሆነ ጥፋቱ እሱ ነው፦ ፒፒፒዲ ቀድሞ ያለን ዲፎልት ሩት (ዋና መውጫ መንገድ) አይተካም፣ ፓኬቱም ወደ ሞደሙ አይደርስም። ጌትዌዩን አጥፉና ፒፒፒዲን አስነሱ። ጌትዌይ የሚሞላው በሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ነው፤ እሱም የሰርቨሩ የውስጥ አድራሻ ነው።

ከሰርቨሩ ሲደውል ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ካልደወለ አይፒ ፎርዋርድ (የሌሎችን ፓኬት የማሳለፍ ቅንብር) 1፣ ማለትም ክፍት፣ መሆኑን አረጋግጡ። ደውሎ ገጽ ካልከፈተ ደግሞ አድራሻ ተርጓሚው ደንብ ማስከሬድ (በወቅቱ ያለውን አይፒ የሚጠቀም) ይሁን፤ በየጥሪው አይፒው ስለሚቀየር ቋሚ አድራሻ የተጻፈበት ደንብ አይሰራም። ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ፒፒፒዲ እንደገና ለመደወል 30 ሰከንድ እንደሚቆይም አትርሱ።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ማንም ሳይጠቀም የሚደውለው ነው። በቲሲፒደምፕ (ፓኬቶችን በሚያሳይ ፕሮግራም) ፒፒፒ0 (የሞደሙ መስመር) ላይ ምን እንደሚወጣ ተመልከቱ። ከ137 እስከ 139 ያሉት ፖርቶች ከታዩ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ በፎርዋርድ ደንብ (በሰርቨሩ በኩል የሚያልፈውን በሚቆጣጠር የፋየርዎል ደንብ) ዝጉባቸው። ፖርት 53 (የዲኤንኤስ፣ ማለትም ስምን ወደ አይፒ የመቀየር ጥያቄ) ከሆነ ግን መዝጋት አያዋጣም፣ ሰው ሲፈልግም አይደውልምና። ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሮቹ የቢሮውን ማተሚያ ወይም ፋይል ሰርቨር ስም ውጭ ድረስ እየጠየቁ ነው፤ ስሞቹን በውስጥ ዲኤንኤስ መዝግቡ።

መስመሩ ከተከፈተ በኋላ አይድል 300 (300 ሰከንድ ጸጥ ካለ ዝጋ) ተብሎም ካልተዘጋ፣ ከውጭ የሚመጡ ፓኬቶች ሰዓቱን እያደሱት ሊሆን ይችላል። ፋየርዎሉ ቢጥላቸውም ለውጥ የለም፤ ፒፒፒ የሚቆጥራቸው ፋየርዎሉ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ነው። መፍትሔው በአክቲቭ ፊልተር (የትኛው ፓኬት እንደሚቆጠር በሚወስነው የፒፒፒዲ ቅንብር) ወጪ ፓኬቶች ብቻ እንዲቆጠሩ ማድረግ ነው።