የቤታ ግሎቢን ክላስተር ንጽጽር ሲጠላለፍ፦ የተፈታበት መንገድ

የቤታ ግሎቢን ጂኖች (የደሙ ፕሮቲን የሄሞግሎቢን ክፍሎችን የሚሠሩት) በክላስተር፣ ማለትም በአንድ ቦታ ተከታትለው፣ ይገኛሉ። የሰው፣ የአይጥና የዶሮ ክላስተሮች ጎን ለጎን ሲሳሉ አቻ ጂኖችን የሚያገናኙት መስመሮች እርስ በርስ ተጠላለፉ።

የመጀመሪያው መንስኤ አቅጣጫ ነው። በሰው ክሮሞሶም 11 እና በአይጥ ክሮሞሶም 7 ላይ ክላስተሩ ያለው በኔጋቲቭ ሰንሰለት (ከሁለቱ የዲኤንኤ ሰንሰለቶች በተቃራኒ አቅጣጫ በሚነበበው) ላይ ስለሆነ፣ የጂኖቹ ቦታ የተመዘገበበት ፋይል በመነሻ ቁጥር ሲደረደር ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል። መፍትሔው ቁጥሮቹን መገልበጥ ነው፦ አዲስ መነሻ = የክላስተሩ መጨረሻ − የጂኑ መጨረሻ + 1፤ የሰንሰለቱም ምልክት አብሮ ይገለበጣል። ያኔ የሰው ቅደም ተከተል ኤፕሲሎን፣ ጂ ጋማ፣ ኤ ጋማ፣ ዴልታ፣ ቤታ ሆኖ ይወጣል። ፕሮቲን ሠሪ ጂኖችን ብቻ ካጣራችሁ በኤ ጋማና በዴልታ መካከል ያለው የሞተ ጂን (ፕሮቲን የማይሠራ) ይጠፋል፤ እሱ የዝግመተ ለውጥ ማስረጃ ስለሆነ አትጣሉት።

ዋናው ራስ ምታት ዴልታ ነው። የፊተኛው ክፍሉ፣ ኤክሶን (በመጨረሻው አርኤንኤ ውስጥ የሚቀር የጂን ክፍል) 1 እና 2 ጭምር፣ በጂን ኮንቨርዥን፣ ማለትም የአንዱ ጂን ቅደም ተከተል በሌላው ላይ ሲገለበጥ፣ በቤታ ቅደም ተከተል ተተክቷል። ስለዚህ በሙሉ ኮዲንግ ክፍል (ፕሮቲኑን በሚወስነው) የተሠራ የዘር ዛፍ ዴልታን ትናንት ከቤታ የተባዛ ያስመስለዋል። መፍትሔው ጂኑን ቆርጦ ሁለት ዛፍ መሥራት ነው፦ አንዱ ከፊተኛው ክፍል፣ ሌላው ከሁለተኛው ኢንትሮን (በኤክሶኖች መካከል ካለውና ተቆርጦ ከሚወጣው ክፍል)። ሁለቱ ካልተስማሙ ስለ ዘር ሐረጉ የሚታመነው የኢንትሮኑ ነው።

ዶሮ ላይ ደግሞ ስም አትመኑ። የዶሮ ኤፕሲሎን የሰው ኤፕሲሎን አቻ አይደለም፤ የወፎችና የአጥቢዎች ክላስተሮች ከተለያዩ በኋላ በየፊናቸው ተባዝተዋል። አንድ ለአንድ መስመር ከመሳብ ክላስተርን ከክላስተር ማገናኘት ይሻላል። ቦታው አንድ መሆኑን ግራና ቀኝ ያሉት የማሽተት ተቀባይ ጂኖች ያረጋግጣሉ።