ከልጆች ጋር የበረዶ ሰው ለመሥራት

በረዶ ስለጣለ ብቻ የበረዶ ሰው አይሠራም። ልጆቹ ካልሲያቸውን እስኪፈልጉ ድረስ ደጅ ወጣ ብላችሁ አንድ እፍኝ በረዶ ጨምቁ። ተጣብቆ ከቀረ ጥሩ ነው። እንደ ዱቄት ከጣታችሁ መሃል ከፈሰሰ ደረቅ ነው፤ ውሃ ከተንጠባጠበ ደግሞ ከመጠን በላይ ርሷል። ተስማሚው በረዶ የሚገኘው የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ቅንጣቶቹን የሚያያይዛቸው በላያቸው ያለው ስስ ውሃ ነውና። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን ግን ትግሉን ተዉትና መንሸራተቻ አውጡ። ጠዋት ደረቅ የነበረው በረዶ ፀሐይ ካገኘው ከቀትር በኋላ ሊያያዝ ስለሚችል ድጋሚ ሞክሩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ነው። የታችኛው ድቡልቡል ወርዱ 60፣ መካከለኛው 40፣ ጭንቅላቱ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። በደንብ የተጠቀጠቀ የ60 ሳንቲ ሜትር ድቡልቡል ከ40 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ያንን የሚያክል ሁለተኛ ከሠራችሁ ማን ያነሣዋል? ስለዚህ ትልቁን ወደሚቆምበት ቦታ እያንከባለላችሁ አሳድጉት። ቦታው ደልዳላና ጥላ ያለበት ይሁን፤ አንድ ጎኑን ብቻ ፀሐይ ከመታው በዚያ በኩል ቀልጦ ይዘምማል።

ስታንከባልሉ በየሁለት ሦስት ዙሩ አቅጣጫ ቀይሩ። ወደ አንድ ወገን ብቻ የተገፋ በረዶ እንደ በርሜል ይሆናል። ከመደራረባችሁ በፊት የታችኛውን አናት በአካፋ ጠፍጥፉት፣ መሃሉንም ትንሽ አጎድጉዱት፤ ከዚያ መጋጠሚያውን ዙሪያውን በእርጥብ በረዶ ሙሉት። ጭንቅላቱ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሲዘለል ነው። ካሮቱንና አዝራሮቹን ለትንንሾቹ ተዉላቸው፤ ጠማማ አፍንጫ ምንም አይደለም።

ልጆቹን ከውስጥ ሱፍ ወይም ላብ የሚያደርቅ ልብስ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት አልብሷቸው። የጥጥ ልብስ አንዴ ከራሰ ሙቀት ስለማይይዝ ከሰውነታቸው ጋር ባይነካካ ይመረጣል። አራቱን ጣቶች አንድ ላይ የሚይዝ ጓንት ጣት ለጣት ከተሰፋው ይበልጥ ያሞቃል። ትርፍ ጓንት በር አጠገብ አስቀምጡ፤ የመጀመሪያው መራሱ አይቀርም። የጣት ጫፍ፣ ጆሮ ወይም አፍንጫ ከነጣና ከደነዘዘ ወዲያው ወደ ቤት! በበረዶ ማሸት የቆየ ስህተት ነው፣ ቆዳ ይጎዳል። ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውሃ አሙቁት፤ ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ይየው።

ፎቶውን በየዓመቱ አንድ ቦታ ላይ፣ ያንኑ የአባት ወይም የአያት አሮጌ ኮፍያ ለበረዶው ሰው አድርጋችሁ አንሡ፤ ልጁ ምን ያህል እንዳደገ በግልጽ ይታያል። ካሜራ የበረዶውን ንጣት ስለሚቀንሰው ምስሉ ግራጫ ይወጣል፤ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ቀኑንና አፍንጫውን ማን እንደሰካ ያኔውኑ ጻፉበት። ስልኩን ደግሞ ከጃኬቱ ውስጥ ያዙት፣ ባትሪው በብርድ ቶሎ ይደክማል።