የትዳር ጓደኛ ቪዛ በስፖንሰር ገቢ ምክንያት ሲቆም፦ ችግርና መፍትሔ

አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ የቀረበች ሚስት ስለ ጋብቻዋ የተጠየቀችውን ሁሉ በሚገባ መልሳ፣ «የስፖንሰርሽ የገቢ ማስረጃ አልተሟላም» የሚል ወረቀት ይዛ ስትወጣ ሐዘኑ ከባድ ነው። ይበልጥ የሚያስቆጨው ደግሞ እንዲህ ያለው እንቅፋት በመጠበቂያው ጊዜ ውስጥ ታይቶ ሊታረም የሚችል መሆኑ ነው።

መለኪያው የሚገኘው አይ-864 በተባለው የድጋፍ ቃል ፎርም ላይ ነው። ስፖንሰሩ፣ ማለትም አሜሪካ ሆኖ ባለቤቱን የሚያስመጣው ሰው፣ የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የድህነት ወለል ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ማሳየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ የራሳቸው ሠንጠረዥ ካላቸው ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር፣ መጠኑ ለሁለት ሰው 26,437፣ ለሦስት 33,312፣ ለአራት ደግሞ 40,187 ዶላር ነው። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚለወጥ ፎርሙን በሚያስገቡበት ጊዜ የሚሠራበትን ሠንጠረዥ ይመልከቱ።

ጥሩ ገቢ እያለኝ «አይበቃም» ተባልኩ

ይህ ችግር በተለይ የራይድ ሾፌሮችንና በራሳቸው ስም የሚሠሩ ወገኖቻችንን ይመለከታል። ሾፌሩ ገቢዬ የሚለው ዓመቱን ሙሉ በባንክ ሒሳቡ የገባውን ገንዘብ ሲሆን፣ የኤምባሲው መርማሪ የሚያነበው ግን ወጪ ከተቀነሰ በኋላ በ1040 የታክስ ፎርም 9ኛ መስመር ላይ የሰፈረውን ጠቅላላ ገቢ ነው። ለምሳሌ በ2024 ዓመቱን ሙሉ 52,000 ዶላር ያስገባና ለሥራው 40,000 ማይል የነዳ ሾፌር ቢኖር፣ በዚያ ዓመት ታክስ ላይ ለአንድ ማይል የሚፈቀደው ወጪ 67 ሳንቲም ስለነበር 26,800 ዶላር በወጪነት ይቀነስለታል። ሌላ ገቢ ከሌለው በወረቀት ላይ የሚቀረው 25,200 ዶላር ብቻ ነው፤ ይህም ለባልና ሚስት ከሚጠየቀው በ1,237 ዶላር ያንሳል።

በዚህ ጊዜ አንዳንዶች ገቢው ከፍ ብሎ እንዲታይ በትክክል የተሠራን ታክስ ለመለወጥ ይፈተናሉ። ይህ ፈጽሞ የማልመክረው ነገር ነው፤ ምክንያቱም ታክሱም ሆነ አይ-864ቱ እውነት መሆኑ ተረጋግጦ የሚፈረምበት ሰነድ ነው። ጉድለቱን በጥሪት መሙላት ይቻላል። ስፖንሰሩ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ለትዳር ጓደኛው የጉድለቱን ሦስት እጥፍ፣ ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ አምስት እጥፍ የሚያወጣ ንብረት ያሳያል። ከላይ ያለው ሾፌር ዜጋ ከሆነ 3,711 ዶላር፣ ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ 6,185 ዶላር የቁጠባ ገንዘብ ይበቃዋል ማለት ነው። ሰው ይህንን ስሌት ባለማወቁ ብቻ ሌላ ስፖንሰር ፍለጋ ወራት ሲያባክን አይቻለሁ።

ዕቁብ ደርሶኝ ያስገባሁት ገንዘብ ጥያቄ አስነሣ

በጥሪትነት የሚቀርብ ገንዘብ የስፖንሰሩ ስለመሆኑና ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት። ለወራት ከጥቂት መቶ ዶላር በላይ ያልነበረበት ሒሳብ በአንድ ቀን 15,000 ዶላር ሲገባበት፣ ገንዘቡ ለማሳያ የተበደሩት ይመስላል። ዕቁብ መሆኑን ብንነግረው መርማሪው ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ የ12 ወር የባንክ መግለጫ፣ በየወሩ ወይም በየሳምንቱ የከፈሉበትን ማስረጃ፣ እንዲሁም የዕቁቡን አሠራር በግልጽ የሚያስረዳና ሰብሳቢው የፈረመበት ደብዳቤ አብረው ያቅርቡ። ቢቻል ደግሞ ገንዘቡን ከቃለ መጠይቁ ብዙ ቀደም ብሎ ባንክ ማስገባት ይሻላል።

አዲስ አበባ ያለ ቤትስ? ንብረቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችል መሆን አለበት፤ ከኢትዮጵያ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ማውጣት በብሔራዊ ባንክ ደንብ የተገደበ ነው። ቤቱ በብር ምንም ያህል ቢያወጣ ዋነኛ ማስረጃዎ አድርገው አይመኩበት። አዲስ አበባ ያለው ባለጉዳይ የሚያገኘው ደሞዝም ቢሆን አሜሪካ ከገባ በኋላ ከዚያው ምንጭ የማይቀጥል ከሆነ አይቆጠርም።

ታክሱ ላይ «ያላገባ» ተብሎ ተሞልቷል

አገር ቤት ሄዶ ያገባ ሰው ተመልሶ ታክስ ሲያሠራ፣ ባለቤቱ አሜሪካ ስለሌለች እንደ ቀድሞው «ያላገባ» ተብሎ ይሞላለታል። በታክስ ፎርሙ ላይ ግን እስከ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ድረስ ያገባ ሰው ያገባ ነው፤ ባለቤቱ የትም ትኑር። ይህ ስሕተት ከገቢ ጉዳይ አልፎ የጋብቻውን እውነተኛነት ጥርጣሬ ላይ ሊጥል ስለሚችል ሳይጠየቁ በታክስ ማስተካከያው ፎርም በ1040-ኤክስ ማስተካከል ያስፈልጋል። ባለቤቱ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌላት ቀላሉ መንገድ «ያገባ፣ ለየብቻ የሚያሳውቅ» ተብሎ መሙላት ነው። በጋራ ለማሳወቅ ግን በደብሊው-7 ፎርም የታክስ መለያ ቁጥር ማውጣትና የእርሷንም ገቢ ማሳወቅ ይጠይቃል።

አዲሱ ሥራዬ ጥሩ ይከፍላል፤ ያለፈው ዓመት ታክስ ግን ዝቅተኛ ነው

ዋናው ነገር አሁን ያለው ዓመታዊ ገቢ ነው። ከታክስ ትራንስክሪፕቱ (የታክስ መዝገብዎ ማጠቃለያ) ጋር የስድስት ወር የደሞዝ ወረቀትና የሥራ መደብን፣ የተቀጠሩበትን ቀንና ደሞዝን የሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ ያያይዙ። ትራንስክሪፕቱ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይ.አር.ኤስ በነጻ ይገኛል፤ በእርሱ ፈንታ የታክስ ፎርሙን ቅጂ የሚያቀርብ ሰው ግን ከአሠሪ የሚሰጡትን የዓመት ደሞዝ መግለጫዎች (ደብሊው-2) መርሳት የለበትም። ፉድ ስታምፕን የመሰለ የመንግሥት እርዳታ በገቢነት አይቆጠርም።

ቆጠራው ተሳስቷል

የቤተሰቡ ቁጥር ስፖንሰሩን፣ የምትመጣውን ባለቤት፣ ጥገኛ ልጆችን፣ እንዲሁም ቀድሞ በአይ-864 ያመጧቸውንና ግዴታው ገና ያልወረደላቸውን ሰዎች ይጨምራል። ከዓመታት በፊት እናቱን ያመጣና እርሷን ሳይቆጥር ፎርሙን የሞላ ሰው መለኪያውን በስሕተት ዝቅ አድርጎታል። ባለቤቱን ሁለት ጊዜ መቁጠርም እንዲሁ ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል።

ሌላ ሰው መፈረም ሲኖርበት

ሁለት መንገዶች አሉ። አብሮዎት የሚኖር ወንድም ወይም እህት በአይ-864ኤ ገቢውን ከእርስዎ ጋር ሊደምር ይችላል፤ ያን ጊዜ እርሱም በቤተሰቡ ቁጥር ይገባል። ተደራቢ ስፖንሰር ግን ዘመድ መሆን አይጠበቅበትም፤ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ፣ 18 ዓመት የሞላውና አሜሪካ የሚኖር ሆኖ የእርስዎን ገቢ ሳይደምር መለኪያውን ማለፍ አለበት። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ወዳጅዎ የእርስዎን ባለቤት ሲጨምር አምስት ሰው ስለሚሆን በ2025 ሠንጠረዥ 47,062 ዶላር ያስፈልገዋል። እርሱ ቢገኝም እርስዎ የራስዎን አይ-864 ማስገባትዎ አይቀርም።

በማኅበረሰባችን ሰው በይሉኝታ ይፈርማል። ከመፈረሙ በፊት ግን ግዴታው በፍቺ እንደማይፈርስ ይንገሩት። ግዴታው የሚወርደው የመጣችው ሰው ዜግነት ስታገኝ፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመት (ወደ 10 ዓመት ሥራ) ሲቆጠርላት፣ ነዋሪነቷን ትታ ከአሜሪካ ስትወጣ ወይም እርሷ ወይም ስፖንሰሩ ሲሞት ነው። ይህንን ደብቆ ማስፈረም ወዳጅነትን የሚያፈርስ በደል ነው።

ወረቀቱ በእጅ ከገባ

ማስረጃ ሲጎድል በሚጠቀስበት የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 221(ጂ) የተሰጠው ወረቀት ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ የጎደለውን ማስረጃ ለማቅረብ አንድ ዓመት አለዎት። ምልክት የተደረገበትን ብቻ አንብበው፣ በተጻፈው መመሪያ መሠረት የተጠየቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይላኩ። ቃለ መጠይቁ ገና ካልተደረገና መጠበቁ ረዝሞ አዲስ የታክስ ዓመት ከገባ ደግሞ ሳይጠየቁ የቅርቡን ትራንስክሪፕትና የደሞዝ ወረቀት ለባለቤትዎ ይላኩላት፤ ለቃለ መጠይቁ ስትገባ በእጇ ይኑር።