ያገለገለ የሸክላ ማጫወቻ ከኢንተርኔት ስትገዙ መንገድ ላይ እንዳይሰበርባችሁ

ከወላጆቻችሁ የተረፈ ሸክላ ቤት ውስጥ ያላችሁ፣ በተለይ አሜሪካ የምትኖሩ፣ አንድ ቀን ማጫወቻ ፍለጋ ኢቤይ ወይም ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ መግባታችሁ አይቀርም። ጥሩ ሐሳብ ነው። የድሮዎቹ ማጫወቻዎች ጠንካሮች ናቸው፤ 40 ዓመት አልፏቸውም ዛሬ ጥርት አድርገው የሚያጫውቱ ሞልተዋል። ብዙዎቹን የሚገድላቸው ዕድሜ ሳይሆን መንገድ ነው። ሻጩ እንዴት እንደሚታሸግ ካላወቀ ስንት ዘመን የቆየ ዕቃ በሦስት ቀን ጉዞ ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን አስተሻሸጉንም ጭምር እንደምትገዙ ቁጠሩት።

መጀመሪያ ቅርብ ያለ ፈልጉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆናችሁ ባልቲሞር የሚሸጥ ካገኛችሁ፣ 40 ዶላር ቢወደድም መኪና አስነስታችሁ ሂዱና አምጡት፤ ለከባድ ዕቃ የፖስታው ሒሳብ ራሱ ልዩነቱን ይበላዋል። አንድ ሸክላ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው አስከፍታችሁ ስሙት። ማርኬትፕሌስ ላይ በአካል ተገናኝታችሁ የገዛችሁትን ዕቃ የገዢ ዋስትና ስለማይሸፍነው፣ ብሩ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት አጣሩ።

ቅርብ ከጠፋ ሻጩን ቪዲዮ ጠይቁት። ማጫወቻው በሁለቱም ፍጥነት፣ በደቂቃ በ33ም በ45ም ዙር ሲዞር፣ ክንዱ ወርዶ ሸክላው ላይ ሲያርፍና ድምፁ ከሁለቱም ስፒከር ሲወጣ መታየት አለበት። 45ቱን አደራ አትርሱ። የአዲስ አበባ የድሮ ሸክላዎች፣ አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያወጣቸውን ጨምሮ፣ ብዙዎቹ ትንንሾቹ ባለ 45 ናቸው። «አልሞከርኩትም» ብሎ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ እንደተበላሸ ዕቃ ቆጥራችሁ ዋጋ ስጡ፣ ካልሆነ እለፉት።

አሁን ዋናው ነገር፣ እሽጉ። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ለሻጩ በጽሑፍ ላኩለት። ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2ን እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው፣ ዲጄዎች የሚወዱት፣ 12 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው። ሸክላው የሚቀመጥበት ክብ ብረት ከላዩ ምንጣፍ ጋር ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ብረት በብሎን አልታሰረም። መሃሉ ካለው ዘንግ ላይ በክብደቱ ብቻ ነው የተቀመጠው። ካርቶኑ አንዴ ሲገለበጥ ይወጣና ውስጥ ለውስጥ እየተንገጫገጨ ክንዱን ያጣምማል፣ ክዳኑን ይሰነጥቃል፣ ሲመለስ ደግሞ ዘንጉን ይመታዋል። ስለዚህ ይነሳ። ብረቱ ላይ ጣት የሚገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፣ በእነሱ ተይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ለብቻው ተጠቅልሎ ከማሽኑ ሥር ይቀመጥ፣ ወይም ሌላ ካርቶን ውስጥ ይግባ።

ከዚያ ከክንዱ ኋላ ያለችው ክብ ሚዛን ትፈታ። መርፌውን የያዘችው ጭንቅላትም ትውጣ፤ መርፌ እንደሆነ በትንሽ ነገር ነው የሚሰበረው። ክንዱ ማረፊያው ላይ በለስላሳ ነገር ይታሰር። ክዳኑ ከማጠፊያው ይውለቅ፣ ምክንያቱም ፕላስቲኩ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያች ማጠፊያ ጋ ነው። እንደ ዱዋል ያሉ፣ አካላቸው ስፕሪንግ ላይ የተቀመጠ ማጫወቻዎች ለጉዞ የሚጠብቁ ብሎኖች አሏቸው፣ እነሱን ማጥበቅ ግድ ነው። በመጨረሻ ካርቶን በካርቶን ውስጥ ይሁን፤ በሁለቱ መካከል በሁሉም በኩል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጠንከር ያለ ስፖንጅ ይግባበት። የተጨማደደ ጋዜጣ አይበቃም፣ ከባድ ዕቃ ሲጫነው ተጨፍልቆ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ስትልኩለት የሚሰጣችሁን መልስ ልብ በሉ። «እሺ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ» ካለ ሰውየው ሰው ነው፤ ለማሸጊያው 20 ዶላር ጨምሩለት፣ አይከፋም። «አታስብ፣ ምንም አይሆንም» ብቻ ካለ ግን ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት። ሌላ ይገኛል።

ክፍያው እዚያው ኢቤይ ላይ ወይም በፔይፓል የዕቃ ግዢ በሚለው በኩል ይሁን። በዜል ወይም ለዘመድ በሚላክበት መንገድ ከከፈላችሁ ብሩን መልሶ ማግኘት ዘበት ነው። ኢንሹራንሱንም ጠይቁ። ዩፒኤስና ፌዴክስ የዕቃው ዋጋ ካልተመዘገበላቸው ኃላፊነት የሚወስዱት እስከ 100 ዶላር ድረስ ነው። ዋጋው ቢመዘገብም በደንብ ያልታሸገ ዕቃ ከሆነ ካሣውን ሊከለክሉ ይችላሉ፤ ስለ እሽጉ ይህን ያህል የማወራው ለዚህም ጭምር ነው።

ሲደርስላችሁ ሳትከፍቱ ካርቶኑን ከሁሉም ጎን ፎቶ አንሱ። ስትከፍቱም ቪዲዮ ይቀረጽ። ክረምት ከሆነ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ለጥቂት ሰዓታት ተዉት። ቶሎ አትሰኩት። ብረቱን መልሳችሁ በእጅ አዙሩት፣ የሚንገዳገድ ወይም የሚፋተግ ከሆነ ዘንጉ ተመቷል ማለት ነው። ክንዱም ሳይዝ ወዲያ ወዲህ ማለት አለበት። ጉዳት ካያችሁ ዛሬውኑ ጻፉ፤ ኢቤይ የ30 ቀን ጊዜ ይሰጣል፣ ቢሆንም ቀን ማሳለፍ ጥሩ አይደለም። ካርቶኑንና ስፖንጁን አትጣሉ፣ የአጓጓዡ ድርጅት መርማሪ ሊጠይቃቸው ይችላል።

አገር ቤት ልትወስዱት ካሰባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካው መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ (በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ነው፣ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ብዙዎቹ የድሮ ባለ ቺንጋ ማጫወቻዎች፣ ማለትም ሞተሩ በጎማ ቀበቶ የሚያዞራቸው፣ ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከኸርዙ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ 17 በመቶ ያህል ይዘገያሉ፤ ዘፋኙ ድምፁ ይወፍራል፣ ዘፈኑም ይጎተታል። ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 ፍጥነቱን በራሱ ስለሚቆጣጠር ይህ ችግር የለበትም፣ ትራንስፎርመር ብቻ ይበቃዋል። ባለ ቺንጋውን የግድ ከወደዳችሁት ለ50 ኸርዝ የተሠራ የሞተር ፑሌጃ ይገኝለት እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ።