የአስም ፓፍ ላላቸው፦ ሃይላንዱን አትጣሉት

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱና የኩበቱ ጭስ ሲደራረቡ አስም ያለበት ሰው መከራውን ያያል። ፓፍ ይዞም የማይሻለው አለ፤ ቀጥታ አፍ ውስጥ ሲረጭ አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራላ!

መድኃኒቱ ሳንባ ድረስ እንዲገባ፣ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ። ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሱት፤ ጠበብ ይበል፣ ዙሪያውን በፕላስተር እሸጉት። የሳልቡታሞል (ትንፋሽ የሚከፍተውን መድኃኒት) ፓፉን ነቅንቃችሁ አፉን በቀዳዳው አስገቡ፣ በሽተኛው የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ግጥም አድርጎ ይያዝ። አንዴ ብቻ ተጫኑ፤ ከዚያ አራት አምስት ጊዜ በእርጋታ ከጠርሙሱ ይተንፍስ። መድገም ካስፈለገ እንደገና ነቅንቆ ነው። አከታትሎ መርጨት መድኃኒት ማባከን ነው። ጠርሙሱን በሳሙና ውኃ እጠቡት፣ ግን በጨርቅ አትወልውሉት፤ ከተወለወለ መድኃኒቱ ላስቲኩ ላይ ይጣበቃል።

የእድር ሰዎችም፣ ለቅሶ ቤት «ብርድ ይመታሃል» እያላችሁ አስም ያለበትን ሰው ወደ እሳቱ አትጎትቱት። ከጭሱና ከእጣኑ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ አፍንጫውን በጋቢ ይሸፍን። ፓፉ የት እንደሚቀመጥ አንድ ጎረቤት ይወቅ። መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ፓፉን እየሰጣችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።